የሐበሻ ጥድን በጎንደርና በዙሪያዋ ለይቶ ማወቅ፦ መልኩና ተፈጥሯዊ መኖሪያው

በጎንደር ከተማ በየግቢው፣ በመንገድ ዳርና በአጥር ጥግ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆነው የሚቆሙ ሾጣጣ ዛፎች ሁሉ በተለምዶ «ጥድ» ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል ግን ብዙዎቹ በሰው እጅ የተተከሉና የመጀመሪያ አገራቸው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነ የፈረንጅ ጥዶች ናቸው። የአገሩ ተወላጅ የሆነው የሐበሻ ጥድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ በአብዛኛው የሚገኘው በአድባራትና በገዳማት ዐጸድ ውስጥ፣ በገደል አፋፍና መጥረቢያ በቀላሉ በማይደርስባቸው ዳገቶች ላይ ነው። ሁለቱ ዛፎች ከሩቅ ስለሚመሳሰሉ በአካባቢው ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ አንዱን ሌላው ብሎ ሲጠራ ይሰማል።

ይህ መመሪያ የሐበሻ ጥድን በአካሉና በሚበቅልበት ቦታ ለይቶ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። አቀራረቡ በአንድ አቋም ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይኸውም የዛፉ ቁመና የመጨረሻው ማስረጃ ሊሆን አይገባም የሚል ነው። ቁመናው እንደ ዕድሜው፣ እንደቆመበት ቦታና እንደደረሰበት የቅርንጫፍ ቆረጣ ስለሚለዋወጥ ተመልካቹን ያሳስታል። ፍሬው ግን አያሳስትም፤ ፍሬ በማይገኝበት ጊዜም ቅርፊቱ፣ ቅጠሉና አብረውት የሚበቅሉት ዛፎች ተደምረው ከበቂ በላይ ይናገራሉ።

ለምልከታ የሚያስፈልገውና የት እንደሚጀመር

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አነስተኛ ማጉያ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ማስታወሻ ደብተርና የቦታውን ከፍታ የሚያሳይ የእጅ ስልክ ይበቃል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካለ የረጃጅም ዛፎችን ጫፍ ለማየት ይረዳል፤ ከሌለም በነፋስ ወድቀው ከዛፉ ሥር የሚገኙት ቀንበጦችና ፍሬዎች አብዛኛውን ሥራ ያቃልላሉ።

ጎንደር ላይ ምልከታን ለመጀመር ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የተሻለ ቦታ የለም። በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ በሚገኘው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ የቆሙት ጥዶች ለዚህ ምቹ ናቸው፤ ዛፎቹ ያረጁ ከመሆናቸውም በላይ ቦታው ሰፊ ስለሆነ አንዱን ዛፍ ዙሪያውን ዞሮ ለማየት ያስችላል። ቦታው የጸሎት ቦታ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ቅዳሴ ባልሆነበት ሰዓት መሄድ፣ በቅጥሩ ውስጥ ያሉትን አባት ቀርቦ ሰላም ማለትና «አባ፣ ይፍቱኝ፤ ከዛፉ ሥር የወደቀውን ፍሬ አንሥቼ ለማየት ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አብዛኞቹ አባቶች በደስታ ይፈቅዳሉ፤ እንዲያውም የትኛው ዛፍ ፍሬ እንደሚይዝና የትኛው እንደማይዝ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከቆመው ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ መስበርና ቅርፊት መላጥ ግን በየትኛውም ዐጸድ አይፈቀድም፤ ለምልከታውም አያስፈልግም።

ከሩቅ የሚታየው ቁመና

የሐበሻ ጥድ ከጥድ ዘመዶቹ ሁሉ ረጃጅም ከሚባሉት አንዱ ነው። አመቺ ቦታ ያገኘ ዛፍ ከ30 እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በአብዛኛው የሚታየው ግን ከዚያ ያነሰ ነው፤ በደረቅና ድንጋያማ ዳገት ላይ ያለው ደግሞ አጭርና ጎባጣ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የግንዱ ውፍረት በትልልቆቹ ላይ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ሊሆን ይችላል።

ወጣቱ ዛፍ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ቅርጽ አለው። ከፈረንጅ ጥድ ጋር ይበልጥ የሚምታታውም በዚህ ዕድሜው ነው። እያረጀ ሲሄድ ሹልነቱን ይተውና ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ አናቱም ክፍትና ወጣ ገባ ይሆናል፤ በቅርንጫፎቹ መካከል ሰማይ ይታያል። በደን ውስጥ ከሌሎች ዛፎች ጋር ተጠጋግቶ ያደገው ግንዱ ረጅምና ቅርንጫፍ የሌለበት ሲሆን፣ ብቻውን ሜዳ ላይ የቆመው ደግሞ ከመሬት ጥቂት ከፍ ካለ ቦታ ጀምሮ ቅርንጫፍ ይይዛል። የሁለቱን ሥዕል አስቀምጦ አንድ ዓይነት ዛፍ ናቸው ቢባል የማያምን ሰው ይኖራል፤ ቁመናን የመጨረሻ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ አይገባም ያልሁትም ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ ለማገዶ፣ ለአጥርና ለገና በዓል ማስጌጫ ሲባል ቅርንጫፉ በየጊዜው የሚቆረጥ ዛፍ የተፈጥሮ ቅርጹን ጨርሶ ያጣል።

በእርጥበትና በጭጋግ ቦታ ያሉ አሮጌ ጥዶች ከቅርንጫፎቻቸው ላይ ግራጫማና አረንጓዴማ ክር የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ ይታያል። ይህ የዛፉ አካል አይደለም፤ ላይከን የሚባል፣ ከፈንገስና ከዋቅላሚ ተጣምሮ የሚኖር ሌላ ሕያው ነገር ነው። ዛፉን አይጎዳውም፤ የአካባቢውን አየር እርጥበትና ንጽሕና ግን ይጠቁማል።

ግንዱና ቅርፊቱ

የዛፉን ግንድ ቀርበው ሲያዩት ቅርፊቱ ቀጭን፣ ቀለሙ ከቡናማ እስከ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ፀሐይና ዝናብ በመታው በኩል ደግሞ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው። ዋናው መለያው የሚላጥበት መንገድ ነው፦ ከላይ ወደ ታች በቀጫጭን ረጃጅም ልጥ እየተሰነጠቀ ይነሣል፤ አንዳንዱ ልጥ አንድ ጫፉ ተነሥቶ ሌላው ከግንዱ ጋር እንደተጣበቀ ይቆያል። በጣት ቢነካ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። በአሮጌ ዛፎች ላይ የግንዱ ሥር አካባቢ ክብ መሆኑ ይቀርና ወደ ውስጥ የገቡና ወደ ውጭ የወጡ ረጃጅም ሸንተረሮች ይፈጠሩበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ግንዱ ሲያድግ የተጠማዘዘ ይመስላል።

ዛፉ ወድቆ ወይም ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ከተገኘ የውስጥ እንጨቱን ማየት ጠቃሚ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የውጪው እንጨት ነጣ ያለ ሲሆን፣ መሐል ያለው ልበ እንጨት ቀይማ ቡናማ ነው፤ አዲስ ሲቆረጥ ቀለሙ ደማቅ ሆኖ ቆይቶ እየደበዘዘ ይሄዳል። መዓዛው ከቅጠሉ መዓዛ የተለየና ለረጅም ጊዜ የማይጠፋ ነው። ይህ ልበ እንጨት በውስጡ ባለው ዘይት ምክንያት ምስጥና ብስባሴ በቀላሉ አይደፍሩትም፤ በደጋው አገር ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥር ቋሚና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ተመራጭ ሆኖ የኖረውም በዚህ ነው። እንጨቱ ቀጥ ያለና ሲቀረጽ የማያስቸግር በመሆኑ በምሥራቅ አፍሪካ ለእርሳስ መሥሪያ ሲያገለግል ቆይቷል። ከፍርፋሪውም ዘይት በእንፋሎት ተጣርቶ ይወጣል።

የቆመ ዛፍ ጠንካራ መስሎ ውስጡ ባዶ ሊሆን እንደሚችልም መታወቅ አለበት። ፓይሮፎሚስ ዴሚዶፊ የተባለ ፈንገስ የአሮጌ ጥዶችን ልበ እንጨት ከውስጥ ያበሰብሳል፤ ከውጭ የሚታየው ምልክት ከግንዱ ላይ ተጣብቆ የሚወጣ ደረቅና ጠንካራ የፈንገስ አካል ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ዛፍ ሥር ነፋስ በሚበዛበት ሰዓት መቀመጥ አይመከርም።

ቅጠሉ፦ በአንድ ዛፍ ላይ ሁለት ዓይነት

ጀማሪ ተመልካቾችን ከሚያደናግሩ ነገሮች አንዱ የሐበሻ ጥድ ሁለት ዓይነት ቅጠል ያለው መሆኑ ነው። ችግኙና ወጣቱ ዛፍ መርፌ መሰል ቅጠል አለው፤ ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጫፉ ሹልና ሲነኩት የሚዋጋ ነው። ያደገው ዛፍ ደግሞ እርስ በርስ ተደራርበው ቀንበጡን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ቅርፊት መሰል ቅጠሎችን ያወጣል። ሽግግሩ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ስላልሆነ በአንድ ዛፍ ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሁለቱንም ማየት ይቻላል። በተለይ ቅርንጫፉ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቆጠ እንደሆነ አዲሱ ለጋ ቀንበጥ በመርፌ ቅጠል የተሞላ ሆኖ ይወጣል።

ወደ 5 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የወደቀች ቀንበጥ አንሥቶ በማጉያ መነጽር ማየት የተሻለ ግንዛቤ ይሰጣል። ቅርፊት መሰሎቹ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እያንዳንዱ ጥንድ ከሥሩ ካለው ጥንድ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ይታያል፤ አልፎ አልፎም ሦስት ሦስት ሆነው ይወጣሉ። በቅጠሉ ጀርባ መሐል ላይ ሞላላ የሆነች ትንሽ የዘይት ዕጢ አለች። ቀንበጧ በጣቶች መካከል ስትታሽ የሚወጣው መዓዛ ከዚያች ዕጢ የሚገኝ ነው።

ቅጠሉ ብቻውን የመጨረሻ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ግን ደግሜ አሳስባለሁ፤ የፈረንጅ ጥድም ቅርፊት መሰል ቅጠል አለው፣ ችግኙም መርፌ ቅጠል ያወጣል።

ፍሬው፦ ዋናው ማስረጃ

የሐበሻ ጥድ በአብዛኛው ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ወንዴው ዛፍ በቀንበጦቹ ጫፍ ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ቢጫማ ጥቃቅን አካላትን ያወጣል፤ በሚበስሉበት ጊዜ ቅርንጫፉ ቢነቀነቅ ብናኙ እንደ ጭስ ብን ይላል። ፍሬ ግን አይይዝም። ስለዚህ አንድ ዛፍ ፍሬ ስለሌለው ብቻ «የሐበሻ ጥድ አይደለም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ በአቅራቢያው ያሉትን ሌሎች ዛፎች ማየት ያስፈልጋል።

ሴቴው ዛፍ የሚይዘው ፍሬ በአብዛኛው ከሽምብራ የሚያንስ፣ ዲያሜትሩ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ክብና ለስላሳ ነው። ለጋው አረንጓዴ ሲሆን፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይለወጣል፤ ከላዩም ነጣ ያለ ሰም መሰል ሽፋን አለው። ይህን ሽፋን በአውራ ጣት ጠረግ ሲያደርጉት ከሥሩ ጥቁር ሐምራዊ ቆዳ ይወጣል። ፍሬው ለመብሰል ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚወስድበት ያለፈው ዓመት ጥቁርና የዘንድሮው አረንጓዴ ፍሬ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ይህ ለተመልካቹ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በየትኛውም ወቅት ቢሄድ ከሴቴ ዛፍ ላይ ማስረጃ አያጣምና።

አሁን አንድ የወደቀ የበሰለ ፍሬ አንሥተው በሁለት ጣት ይጫኑት። የፈረንጅ ጥድ ቢሆን ኖሮ እንጨት ስለሆነ አይጫንም፤ የሐበሻ ጥድ ፍሬ ግን ይፈርጣል፤ ውስጡም ሙጫ ያለበት፣ ጣት ላይ የሚያጣብቅና ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ሥጋ ነው። በሥጋው መካከል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3፣ አንዳንዴም ከዚያ ጥቂት የሚበልጡ፣ ጠርዝ ያላቸው ጠንካራ ቡናማ ዘሮች ይገኛሉ። ዘሮቹ ክንፍ የላቸውም፤ ምክንያቱም የሚጓዙት በነፋስ ሳይሆን በወፍ ሆድ ነው። የዱር ርግቦችና ሌሎች ፍሬ በል ወፎች ሥጋውን በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ሰው ግን ሊበላው አይገባም። በአውሮፓ ለመጠጥ ማጣፈጫ የሚውለው የጥድ ፍሬ የሌላ ዝርያ፣ የጁኒፐረስ ኮሙኒስ ፍሬ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

ከየትኞቹ ዛፎች ጋር ይምታታል?

የፈረንጅ ጥድ፣ ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ፣ ቀዳሚው ነው። ይህ ዛፍ በፍጥነት የሚያድግ በመሆኑ ለአጥርና ለእንጨት በብዛት ተተክሏል። ፍሬው ክብ ቢሆንም እንጨት ነው፤ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከ6 እስከ 8 በሚሆኑ ክዳኖች የተሸፈነ ነው፤ በእያንዳንዱ ክዳን መሐልም የምትቆረቁር ትንሽ እሾህ አለች። ሲደርቅ ክዳኖቹ ይከፈቱና ጥቃቅን ክንፍ ያላቸው ብዙ ዘሮች ይበተናሉ፤ ባዶው ፍሬ ግን ቅርንጫፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ከዛፉ ሥር ተከፍተው የደረቁ የእንጨት ኳሶች ከተገኙ ጉዳዩ አለቀ፤ የሐበሻ ጥድ አይደለም። ወንዴውና ሴቴውም በአንድ ዛፍ ላይ ስለሆኑ ያደገ የፈረንጅ ጥድ ፍሬ አጥቶ አይገኝም።

በአንዳንድ ግቢዎች ቀጥ ብሎ እንደ ዓምድ የሚወጣ ጠባብ ጥድም ይታያል። እርሱም ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣ የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ሲሆን፣ የእንጨት ፍሬው ከፊተኛውም ይተልቃል። ሽዋሽዌ የሚባለው ዛፍ ደግሞ ከሩቅ ጥድ ይመስላል እንጂ ዘመዱም አይደለም፤ ቅጠል የሚመስሉት አረንጓዴ ክሮች በየመገጣጠሚያቸው ሲጎተቱ ይለያያሉ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ወደ ከፍታው ሲወጣ የሚያሳስተው አስታ ነው፤ ጥቃቅን መርፌ ቅጠሎቹ የጥድ ችግኝን ይመስላሉ፤ ነገር ግን አስታ ነጫጭ የደወል ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን አበቦች ያብባል፣ ቀንበጡም ሲታሽ የጥድን መዓዛ አይሰጥም። ዝግባ ከሐበሻ ጥድ ጋር በአንድ ደን ውስጥ የሚበቅል የአገር ዛፍ ቢሆንም፣ ቅጠሉ ጠፍጣፋና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስለሆነ አንዴ ቀርቦ ያየ ሰው አይሳሳትም።

ተፈጥሯዊ መኖሪያው

የሐበሻ ጥድ ከአረቢያ ምዕራባዊ ተራሮች ጀምሮ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያ ሰሜናዊ ተራሮች፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ አልፎ እስከ ማላዊና ዚምባብዌ ድረስ በተራራማ ቦታዎች ተበታትኖ ይገኛል። ከጥድ ዝርያዎች ሁሉ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅለው እርሱ ብቻ ነው። ለሳይንስ ዓለም በይፋ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1847 ነበር።

በአገራችን በይበልጥ የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው፤ ይህም በእኛ አነጋገር የወይና ደጋውንና የደጋውን ክልል ይሸፍናል። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ በዚህ ክልል ውስጥ ትገኛለች። በበጋው ረዘም ያለ ደረቅ ወቅት መኖሩ ዛፉን አያስጨንቀውም፤ ዓመታዊ ዝናቡ ከ500 ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥበት ቦታ እንኳ ይኖራል። የማይስማማው ውኃ የሚተኛበት መሬት ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ወደ ጣና የሚወርደው የደምቢያ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚቋጥር ጥቁር ዋልካ አፈር ያለበት ስለሆነ የሐበሻ ጥድ መኖሪያ አይደለም፤ እርሱን ለማየት ውኃ የሚያንጠፈጥፈውን ቀያይና ድንጋያማ ዳገት መፈለግ ይሻላል። አፈሩ ስስ በሆነበት፣ ዐለቱ በተሰነጠቀበት ቦታ ሥሩን ሰድዶ የሚቆም ዛፍ ነው።

ይህ ዛፍ ባለበት የደን ዓይነት ውስጥ የቅርብ ባልንጀራው ወይራ ነው። ሁለቱ በደረቁ የደጋ ደን ውስጥ ጎልተው የሚታዩ በመሆናቸው ወይራ ያለበትን አሮጌ ዐጸድ ያገኘ ሰው ጥድንም ለማግኘት ተስፋ ማድረግ ይችላል። ከሥራቸው አጋም፣ ቀጋ፣ አጣጥና ክትክታ ይበቅላሉ። ረጠብ ወዳለው ሲኬድ ዝግባ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ኮሶ ይቀላቀላቸዋል። ስለዚህ ዛፉን ብቻ ሳይሆን በ20 እርምጃ ክልል ውስጥ ያሉትን ጎረቤቶቹን መመዝገብ ጥሩ ልማድ ነው። ሁሉም ባሕር ዛፍ ከሆኑ ጥዱም የተተከለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ወይራ፣ አጋምና ቀጋ ከሆኑ ግን የቀድሞው ደን ቅሪት ላይ መቆምዎን ይገምቱ።

ከፍታው የሚያመጣውን ለውጥ በአንድ ቀን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይያዝ። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ ወደ ኮሶዬ ሲቃረብ ከፍታው እየጨመረ፣ በስተግራ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል እየተገለጠ ይሄዳል። በአፋፉ ላይ ያሉትን የዛፍ ቅሪቶች ከመንገዱ ወጥቶ ማየት ይገባል፤ መንገድ ዳር ያለው አብዛኛው ባሕር ዛፍ ስለሆነ ከመኪና ሳይወርዱ የሚታየው የአካባቢውን የቀድሞ መልክ አያሳይም። ደባርቅን አልፎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ሳንቃበር የሚወጣ ሰው ደግሞ ጥድን ወደ ኋላ ትቶ የአስታና ቀጥሎም የጅብራ ዓለም ውስጥ ይገባል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይህን ሽግግር ለማየት ከሚመረጡ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ወደ ፓርኩ ለመግባት ግን ደባርቅ ላይ መመዝገብና ጠባቂ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው።

በደቡብ በኩል ደግሞ በአዲስ ዘመን አቅራቢያ ያለው የጣራ ገዳም ደን የደረቁን ደጋ ደን አጠቃላይ ገጽታ ለማጥናት ይመቻል። የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች በዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና በባልደረቦቻቸው ጥናት ብዙ ትኩረት አግኝተዋል፤ በአንዳንዶቹ ዙሪያ ከብት እንዳይገባ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። የካቡን ጥቅም ለመረዳት ከውስጥና ከውጭ ያለውን መሬት ማነጻጸር ይበቃል።

ችግኞችን የት መፈለግ ይቻላል?

ብዙ ሰው የጥድ ችግኝን የሚፈልገው ከእናቱ ዛፍ ሥር፣ ጥላው በበረታበት ቦታ ነው፤ እዚያ ግን ብዙም አያገኘውም። የሐበሻ ጥድ ችግኝ ብርሃን ይፈልጋል፤ በጥቅጥቅ ደን ጥላ ውስጥ ቢበቅልም አያድግም። የተሻለው ቦታ የደኑ ጠርዝ፣ ዛፍ ወድቆ ብርሃን የገባበት ክፍት ቦታና ወፎች የሚያርፉባቸው ቁጥቋጦዎች ሥር ነው። በተለይ እሾሃማው አጋም ችግኙን ከፍየልና ከከብት አፍ ስለሚከልልለት በአጋም መካከል አንገቱን ያወጣ ወጣት ጥድ ማየት የተለመደ ነው። ከብት በሚሰማራበት፣ መሬቱ በተረገጠበት ዐጸድ ውስጥ ግን ትልልቆቹ ዛፎች ብቻ ቆመው ታዳጊ ላይኖር ይችላል። ይህን መመዝገብ የዛፎቹን ቁጥር ከመመዝገብ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ትልልቆቹን መቁጠር የትናንቱን ሁኔታ ብቻ ስለሚያሳይ ነው።

ዛፉ አዝጋሚ አዳጊ በመሆኑ የቁመቱን ማነስ አይቶ ወጣት ነው ማለት አይቻልም። በደረቅ ቋጥኝ ላይ የቆመ ቀጭን ጥድ በለም አፈር ላይ ካለው ወፍራም ዛፍ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ተመራማሪዎች ዕድሜውን የሚገምቱት በግንዱ ውስጥ ያሉትን የዕድገት ቀለበቶች በመቁጠር ነው፤ በዚህም ቢሆን በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ በላይ ቀለበት ሊፈጠር ስለሚችል ቆጠራው ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የሚታየው ዛፍ የአገሩ ዛፍ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሕግ ጉዳይም አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደኖች እንዳይቆረጡ በስም ከጠቀሳቸው አራት የአገር ዛፎች አንዱ የሐበሻ ጥድ ነበር፤ ሌሎቹ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አዋጆች ተተክተዋል፤ በግል ይዞታ ላይ የቆመ ዛፍ ቢሆንም ከመቁረጥ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ችግኝ ከጣቢያ ሲገዙ

ይህን ሁሉ ያየ ሰው አንዳንድ ጊዜ ዛፉን በግቢው መትከል ይፈልጋል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ነው፤ በችግኝ ጣቢያ የሁለቱም ጥዶች ችግኝ በአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ውስጥ ተደርድሮ ሲሸጥ ስሙም «ጥድ» ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ ፍሬ ስለማይኖር መለየቱ ይከብዳል። መጀመሪያ እጅዎን በቅጠሉ ላይ ይሳቡ፦ የሐበሻ ጥድ ችግኝ መርፌ ቅጠል ጠንካራና የሚዋጋ ሲሆን፣ የፈረንጅ ጥድ ለስለስ ይላል፤ ወደ ቅርፊት መሰል ቅጠሉም ቶሎ ይሸጋገራል። ቀጥሎ ዕድገቱን ይመልከቱ፤ በአንድ ወቅት ከተዘሩት መካከል ረጅምና ሳሳ ብለው የወጡት ብዙውን ጊዜ የፈረንጁ ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የጣቢያውን ሠራተኛ «ዘሩ ከየትኛው ዛፍ ነው የተለቀመው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዐጸድ ጥቁር ፍሬ ለቅመው፣ ሥጋውን አሽተው አጥበውና ዘሩን ለይተው እንደዘሩት የሚነግርዎት ሰው ካገኙ ችግኙን ያለ ሥጋት ይውሰዱ፤ የእንጨት ኳስ ፀሐይ ላይ አስጥተው ዘሩን እንዳራገፉ ከነገሩዎት ግን በእጅዎ ያለው የፈረንጅ ጥድ ነው።

የሚተከልበትም ቦታ ውኃ የማይተኛበት፣ ፀሐይ የሚያገኝና ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከፍየል የታጠረ ይሁን። ከቤት ግድግዳና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቅ ማድረግም ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዛፉ ትንሽ መስሎ ቢታይም ሲያድግ የሚይዘው ቦታ ሰፊ ነው። ጉድጓዱ ክረምቱ ሳይገባ ተቆፍሮ ይቆይ፤ ችግኙ ዝናቡ ሲጸና በሐምሌ ይተከል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላም በመጀመሪያው በጋ ውኃ ማጠጣቱ አይቋረጥ። ወንዴና ሴቴው በችግኝነቱ ስለማይለይ ፍሬ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ችግኞችን አራርቆ ቢተክል ይመረጣል።